እንግዳው ከሄደ በኋላ፦ ጉዞና የኦቲዝም የባሕርይ ሕክምና ከደብረ ታቦር ሲታዩ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ጎንደር ደጋ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት የሕክምና ክፍል መጡ። ልጁ አይናገርም፤ ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም፤ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። የመስማት ችሎታው ተመርምሮ ጤናማ መሆኑ ተረጋግጧል። እናቲቱ ጸበል ወስደውታል፤ ጎረቤትም ዘመድም የመሰለውን ነግሯቸዋል። ከዚያ በፊት ከሩቅ አገር ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የመጣ አንድ የባሕርይ ሕክምና ባለሙያ ሁለት ሳምንት ያህል ከልጁ ጋር ሠርቶ ነበር። በእነዚያ ቀናት ልጁ ውኃ ሲጠማው ከማልቀስ ይልቅ ጣሳውን አንሥቶ መስጠትን ለመደ። እንግዳው ወደ አገሩ ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጣሳውን ተወው፤ ልቅሶውም ተመለሰ።

እናቲቱ የጠየቁኝ መድኃኒት አልነበረም። «ዶክተር፣ ያ እንግዳ መቼ ነው የሚመለሰው?» ነበር ያሉኝ። የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው። እንደሚታወቀው ኦቲዝም በሕፃንነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ሲሆን በዋነኛነት የሚገለጸው ከሌሎች ጋር በመግባባት ችግርና በተደጋጋሚ ወይም በተወሰኑ ባሕርያትና ፍላጎቶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ከኦቲዝም ጋር እንደሚኖር ገምቷል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ልጁ እንዲግባባ፣ ራሱን እንዲችልና ከቤተሰቡ ጋር በሰላም እንዲኖር የሚረዳው በዋነኛነት ትምህርት ነው፤ ከዚህም ውስጥ የባሕርይ ሕክምና የሚባለው ስልት ረጅም ታሪክ አለው።

ከወጣት የሥራ ባልደረቦቻችን መካከል ይህን ሙያ የሚመኙ አሉ። አገር ማየት፣ መንገድ መውጣት የሚወዱም ብዙዎች ናቸው። ሁለቱን አጣምሮ መኖር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ሲነሣ ሰምቻለሁ። ይቻላል፤ ሆኖም በምን ዓይነት ጉዞ? ለዚህ መልስ ለመፈለግ ደብረ ታቦር መልካም ቦታ ናት፤ እዚህ አካባቢ ሙያ ይዘው የመጡና የሄዱ ሰዎች ታሪክ አስተማሪ ነውና።

ጋፋት፦ ሙያተኞቹ ሲመጡ

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን፣ የውጭ አገር የእጅ ሙያተኞችን ያሰፈሩት በዚህ ስፍራ ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ። የላካቸው ቀደም ሲል በጎንደር የኖረው፣ በኋላም የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነው። የእርሱ ሐሳብ ወንጌልን የሚሰብኩ፣ በእጃቸው ሠርተው የሚኖሩ ምእመናን መላክ ነበር።

ከተላኩት አንዱ በ1832 እ.ኤ.አ. የተወለደው ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበር። ኢትዮጵያ የገባው በ1859 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለሟል የነበረው የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ልጅ የሆነችውን፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት ሱዛን ቤልን አግብቶ አሥር ዓመት ያህል በዚህ አገር ኖረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግዶቻቸው የፈለጉት ስብከት ሳይሆን ሙያ ነበር። መንገድ እንዲሠሩ፣ ጋሪ እንዲያበጁ፣ ከሁሉም በላይ መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ሙያተኞቹ መድፍ ቀልጦ ሲፈስ አይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከብዙ ሙከራና ክሽፈት በኋላ ግን 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ፊት ፊት መንገዱ እየተጠረገለት፣ በጋይንት፣ በጨጨሆና በደላንታ አድርጎ ተጓዘ። ያ ጉዞ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

የጋፋት የብረት ሥራ ግን አልቀጠለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እንግዶቹ የሀገሬውን ሰው እንዲያሠለጥኑ ጽኑ ምኞት ነበራቸው፤ በጋፋት ከሙያተኞቹ ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ሆኖም ሥራው ሁሉ የቆመው በንጉሠ ነገሥቱ ጥድፊያና በጥቂት እንግዶች መኖር ላይ ስለነበረ፣ ሁለቱ ሲቀሩ ሦስተኛው አልቆመም። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ዕቃው ቀርቷል፤ ዕቃውን የሚሠራው ትምህርት ግን ሥር አልሰደደም።

ከጋፋት ወደ አስፉሪዬ

የዋልድማየር ታሪክ በመቅደላ አላበቃም፤ ለጤና ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ክፍልም ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዋልድማየር ከኢትዮጵያ እንደወጣ ወደ ሊባኖስ ተሻገረ፤ በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና የትምህርት ሥራ ጀመረ። ሕይወቱን የተረከበት፣ የኢትዮጵያ አሥር ዓመታትና የሶርያ አሥራ ስድስት ዓመታት የተመዘገቡበት መጽሐፍ በ1886 እ.ኤ.አ. ታተመ።

በዚያ ዘመን በሊባኖስ ተራሮች የአእምሮ ሕሙማን ወደ ቆዝሐያ ገዳም ዋሻ እየተወሰዱ እርኩስ መንፈስ ይለቃቸው ዘንድ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በአገራችንም በአንዳንድ ስፍራ ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው መታየታቸውን የምናውቅ ሁሉ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እንረዳለን። ዋልድማየር በስድሳዎቹ የዕድሜ ዓመታት እያለ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ የአእምሮ ሕክምና ተቋማትን እየጎበኘ ገንዘብም ሰውም አሰባሰበ። በ1896 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥራ ፍሬ አፍርቶ፣ በቤይሩት አጠገብ አስፉሪዬ በተባለ ስፍራ የቆመው የሊባኖስ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በ1900 እ.ኤ.አ. በሩን ከፈተ። በሃይማኖት ሳይለይ ሕሙማንን ይቀበል የነበረው ይህ ተቋም በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበሩት ቀደምት ዘመናዊ የአእምሮ ሆስፒታሎች አንዱ ነው።

ዋልድማየር ሐኪም አልነበረም። ሥራውን ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለአስተዳደር ኮሚቴ አስረከበ። እርሱ በ1915 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሆስፒታሉ አልሞተም፤ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል በ1982 እ.ኤ.አ. እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ ከ80 ዓመት በላይ አገልግሏል። አንድ ሰው፣ ሁለት ጉዞዎች፤ የመጀመሪያው ዕቃ ትቶ አለፈ፤ ሁለተኛው ሥራውን የሚረከቡ እጆች ትቶ አለፈ። የእናቲቱ ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ልዩነት ይመስለኛል። የኦቲዝም የባሕርይ ሕክምና ታሪክም ይህንኑ ልዩነት በራሱ መንገድ አሳይቷል።

የባሕርይ ሕክምና ያስተማረው ትምህርት

ይህን የሙያ መስክ ያቆሙት ሰዎች በአብዛኛው ከአገራቸው ርቀው የኖሩ ናቸው። በ1943 እ.ኤ.አ. 11 ሕፃናትን ገልጾ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ሊዮ ካነር በያኔው የኦስትሪያና የሃንጋሪ ግዛት ተወልዶ በ1924 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሐኪም ነበር። የባሕርይ ሕክምናን በኦቲዝም ላይ በስፋት የሞከረው ኢቫር ሎቫስ ኖርዌያዊ ነበር። ወላጆችን የሕክምናው አጋር ያደረገው ኤሪክ ሾፕለር ደግሞ በጀርመን ተወልዶ በ1938 እ.ኤ.አ. ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች የሸሸ ስደተኛ ነበር።

የስልቱ መሠረት ቀላል ነው። አንድ ባሕርይ ከመታየቱ በፊት ምን ነበረ፣ ባሕርዩ ምን ይመስላል፣ ከታየ በኋላስ ልጁ ምን አገኘ ብሎ በጥንቃቄ መመልከት፤ አዲስ ችሎታን በትንንሽ ደረጃዎች ከፋፍሎ ማስተማር፤ በመጀመሪያ ልጁን እየረዱ፣ ቀስ በቀስ ርዳታውን እየቀነሱ መሄድ፤ ልጁ ደረጃውን በተወጣ ቁጥር በሚወደው ነገር ወዲያውኑ ማበረታታት። ጣሳ ማንሣትን የተማረው ልጅ የተማረው በዚህ መንገድ ነበር።

ሎቫስና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. 20 ሕፃናት ከሕክምናው በኋላ ምን እንደደረሱ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ወደ መንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የተመለሱት ልጆች ያገኙትን አብዛኛውን ችሎታ አጥተው ተገኙ። ወላጆቻቸው ስልቱን የሠለጠኑላቸው ልጆች ግን ያገኙትን ይዘው ቆይተዋል፤ መሻሻላቸውንም ቀጥለዋል። የጣሳውን ነገር ሳስብ ይህ ውጤት ከፊቴ ይደቀናል። ከደብረ ታቦር ልጅ ላይ የታየው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከእርሱ መወለድ አርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ የታወቀ፣ የተጻፈ ነገር ነበር።

የሎቫስ የ1987 እ.ኤ.አ. ጥናት ይበልጥ ይታወቃል። በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠለጠኑት 19 ልጆች መካከል 9ኙ የመጀመሪያ ክፍልን በመደበኛ ትምህርት ቤት ማጠናቀቃቸውንና የማሰብ ችሎታ መለኪያ ውጤታቸው ከሌሎች ልጆች ጋር መስተካከሉን ዘገበ። ልጆቹ በቡድን የተመደቡት በዕጣ ስላልነበረ ጥናቱ ተተችቷል። በሌላ በኩል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በልጆች ላይ ጥፊና የኤሌክትሪክ ንዝረት ጭምር ይደረግ እንደነበር መደበቅ አይገባም። ከኦቲዝም ጋር ያደጉ ሰዎች ራሳቸው በኋላ ዘመን ይህንንና ልጁን «ሌላ ሰው» ለማስመሰል የተደረገውን ጥረት አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ተቃውሞአቸውም ሙያውን አርሟል። ዛሬ ተቀባይነት ያለው አሠራር በጨዋታና በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ የሚካሄድ፣ ቅጣት የሌለበት፣ ግቡም መግባባትና ራስን መቻል የሆነ ነው።

ሾፕለር በኖርዝ ካሮላይና የመሠረተው ቲች የተባለ መርሐ ግብር በ1972 እ.ኤ.አ. የክፍለ ግዛቱ ይፋ አገልግሎት ሲሆን፣ ወላጅ የሐኪሙ አጋር እንጂ የችግሩ ምንጭ አይደለም የሚለውን አቋም ተክሏል። ይህ አቋም ቀላል ድል አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የልጁ ኦቲዝም የመጣው እናት ፍቅር ስለነፈገችው ነው የሚል አስተሳሰብ በሐኪሞች ዘንድ ሰፍኖ ነበርና። በገጠራችን እናትን በኃጢአት ወይም በእርግማን የሚከስሰው ወሬና ይህ የሐኪሞች ስሕተት የሚገናኙበት ቦታ አላቸው፤ ሁለቱም ሸክሙን የሚጭኑት በእናት ላይ ነው።

ወደ አገራችን የመጣው

በኢትዮጵያ የኦቲዝም አገልግሎት የተጀመረው በተጓዥ ሐኪም ሳይሆን በተመላሽ እናት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአገር ወጥተው ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ኖረዋል። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ከልጆቻቸው አንዱ ከኦቲዝም ጋር የሚኖር ስለነበር የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጡ። በ2002 እ.ኤ.አ. በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ድምፅን ከአማርኛ ፊደል ቅደም ተከተል ጋር አያይዞ የሚያስተምር፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን ስልትም አዘጋጁ። ስለ ልጃቸው በአደባባይ በመናገራቸው በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ልጆች ብዙ ወላጆች በራቸውን እንዲከፍቱ አድርገዋል። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ማዕከሉ ሥራውን የሚቀጥሉ ባልደረቦች ነበሩት። ከዚያ ቀደም ብሎ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጅ ተነሣሽነት በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ነበር።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የአገሪቱን የኦቲዝም አገልግሎት የዳሰሰ ጥናት እንዳሳየው፣ የነበረው አገልግሎት ጥቂትና በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተወሰነ ነበር። ለሰማዳ ወይም ለእብናት ገበሬ አዲስ አበባ ድረስ ልጅ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሞከረበት አንዱ መንገድ የባለሙያዎች ጉዞ ነው። ለምሳሌ ግሎባል ኦቲዝም ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው መሥራቿ ወደ ጋና ካደረገችው ጉዞ በኋላ ነው። የባሕርይ ሕክምና ባለሙያዎችን በበጎ ፈቃድ ቡድን እያደራጀ ወደ ተለያዩ አገሮች ይልካል፤ የቡድኖቹ ሥራም ልጆቹን ከማከም ይልቅ የአገሬውን ማዕከላት ሠራተኞች ማሠልጠን እንዲሆን ይጥራል። ሙያንና የጉዞ ፍቅርን ማጣመር የሚፈልግ ባለሙያ የሚያገኘው በር ይህን የመሰለ ነው። ይሁን እንጂ በሩ ከወዲያ ወደ ወዲህ እንጂ ከወዲህ ወደ ወዲያ እምብዛም አይከፈትም። በሙያው ስመ ጥር የሆነውን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የአሜሪካ ቦርድ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥቂት አገሮች ውጭ የሚኖሩ አዲስ አመልካቾችን መቀበል አቁሟል። በደብረ ታቦር የሚኖር ሐኪም ወይም ነርስ ያንን ወረቀት እጠብቃለሁ ቢል ልጆቹ ያድጉበታል።

ወረቀቱ ባይኖርም ሥራው ግን ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ፣ የእድገት መዘግየት ወይም ልዩነት ያለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎችን የሚያሠለጥን መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ለቤት ጉብኝቶች አሉት፤ የሚመሩትም ስፔሻሊስት ያልሆኑ፣ ተገቢውን ሥልጠና ያገኙ ሰዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ይህን መርሐ ግብር ከኢትዮጵያ ኑሮ ጋር አስማምተው በአዲስ አበባና ከከተማ ውጭ ባለ አካባቢ ሞክረውታል። ከዚያም በኢትዮጵያና በኬንያ በሰፊው የሚፈትነው ስፓርክ የተባለ ጥናት ተከትሏል። በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አጭር ሥልጠና ስለ ኦቲዝም ያላቸውን የተሳሳተ እምነትና ከልጆቹ የመራቅ ዝንባሌ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

መልሱ ከጎንደርና ከጋይንት

ይህ አሠራር ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲመሠረት፣ ቀደም ብሎ በደምቢያ የተነሣው ከባድ የወባ ወረርሽኝ አንዱ ምክንያት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። እነዚያ ወጣቶች ብዙ አገር ዞረዋል፤ ነገር ግን ዞረው የሚያልፉ ሳይሆኑ በደረሱበት ተቀምጠው የሚሠሩ ነበሩ። ዛሬም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ትብብር የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት መጀመሩ የዚያ ልማድ ቀጣይ ነው።

ከዚያም የቀደመ ምሳሌ አለን። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ናቸው። የቆሎ ተማሪ ከየአውራጃው ተነሥቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ወደዚያ ይጓዛል። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ደጋግሞ ይማራል፤ ሲበቃም ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ወይም ሌላ ደብር ተቀጥሮ ወንበር ይዘረጋል። መምህሩ አገር ላገር እየዞረ አይደለም ድጓ ኢትዮጵያን ያዳረሰው፤ ተማሪው ተጉዞ፣ ተምሮ፣ ተመልሶ ስለሚያስተምር ነው።

የማስተማሪያ ስልቱም ሩቅ አይደለም። ፊደል መቁጠር፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ እየተባለ ከትንሽ ወደ ትልቅ በድግግሞሽ መሄድ የባሕርይ ሕክምና ትንንሽ ደረጃ ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም በታሪካቸው አለንጋ አንሥተዋል፤ ሁለቱም አለንጋውን ጥለው ትዕግሥቱን መያዝ አለባቸው።

ለመንገደኛው ባለሙያ

በዚህ መሠረት ለሙያውና ለመንገዱ ፍቅር ያለው የጤና ባለሙያ ምን ያድርግ? ደቡብ ጎንደር ራሱ ዕድሜ ልክ የሚጓዙበት አገር ነው። ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ጥግ እስከ ንፋስ መውጫ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ሰማዳ፣ ወደ እብናት የሚወስደው መንገድ መልክዓ ምድሩን ለሚወድ ሰው ደስታ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚወጣ ባለሙያ ግን ጥቂት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባዋል።

አንደኛ፣ እናት፣ አባት ወይም ታላቅ እኅት በሌሉበት ከልጁ ጋር ብቻውን አይሥራ። ባለሙያው በአንድ ሰዓት የሚያሳየውን ቤተሰቡ በቀን ሦስት ጊዜ ሊደግመው ካልቻለ ትምህርቱ በመንገድ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በየሄደበት ቢያንስ ሁለት የአካባቢው ባለሙያዎችን ይዞ ይሥራ፤ አንዱ ቢዛወር ሌላው ይኖራልና። ሦስተኛ፣ የሚመለስበትን ቀን ሳይናገርና በመካከሉ በስልክ የሚገናኙበትን መንገድ ሳያበጅ አይለይ። አራተኛ፣ በቤት ያለውን ዕቃና ልማድ ይጠቀም። ቡና ሲፈላ ሲኒ ማቀበል፣ ከማዕድ በፊት እጅ መታጠብ፣ ጥጃ ማሰር፣ ውኃ በጣሳ መጠየቅ ሁሉም በደረጃ ተከፋፍለው ሊሰጡ የሚችሉ ትምህርቶች ናቸው። ከውጭ የመጣ የሥዕል ካርድ ሲቀደድ ትምህርቱ ይቆማል፤ ጣሳ ግን በየቤቱ አለ።

በክሊኒክ ውስጥ ያለብን ግዴታም እንዳለ ነው። የማይናገር ልጅ ሲመጣ መስማቱን ማረጋገጥ፣ የሚጥል በሽታ ካለበት ማከም፣ የእንቅልፍ፣ የአመጋገብና የጥርስ ሕመምን መመርመር ያስፈልጋል፤ በድንገት የተነሣ ቁጣና ራስን መምታት ሕመሙን መናገር የማይችል ልጅ ቋንቋ ሊሆን ይችላልና። ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣም በግልጽ መናገር ይገባል። ቤተሰቡ ጸበል መሄዱን ሲነግረን ማንቋሸሽ ከእኛ ያርቃቸዋል። ልጁ እንዳይታሰርና እንዳይመታ፣ የጀመረውም መድኃኒት እንዳይቋረጥ መነጋገር ግን ሥራችን ነው።

ለዚህ ሁሉ አጣዳፊ ምክንያት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት፣ መንገዶች ደጋግመው ተዘግተዋል። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ አይደርስም፤ ከደብረ ታቦር የሚወጣውም ላይደርስ ይችላል። በዚያ ሳምንት ለልጁ ያለው እናቱ የምታውቀውና የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የምታውቀው ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ሙያን ከጉዞ ጋር ማጣመር መልካም ምኞት ነው፤ የሕክምናው ታሪክ ያለ ተጓዦች አይታሰብም። ጉዞው የሚመዘነው ግን ተጓዡ በሠራው ሳይሆን ከሄደ በኋላ በሚሠራው ሰው ነው። ጋፋት ይህን በክሽፈቱ፣ አስፉሪዬ በዕድሜው፣ የ1973ቱ ጥናት በልጆቹ፣ ቤተ ልሔም በተማሪዎቹ ያስተምሩናል።

እኚያን እናት ከዚያ ወዲህ ከልጁ ታላቅ እኅት ጋር ደጋግመው እንዲመጡ አድርጌያለሁ። የተማርነው ከባድ ነገር አይደለም፦ ጣሳውን ልጁ ከሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ፣ እጁን ይዞ ማስነሣት፣ እንደሰጠ ወዲያው ውኃውን መስጠት፣ በየቀኑ እጁን የመያዙን ርዳታ መቀነስ። እንግዳው መቼ እንደሚመለስ አሁንም አላውቅም። እናቲቱም መጠየቁን ትተዋል፤ በመጨረሻ የመጡ ቀን የጠየቁኝ ከጣሳው ቀጥሎ ምን እናስተምረው የሚለውን ነበር።